ሜዳ የሌለው እሽቅድምድም፦ የአዳማ መንገድ እና የፍጥነት ታሪኩ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በትምህርት ክፍላችን ውስጥ መጠነኛ ፈገግታ እንዳስነሣ አውቃለሁ። ዕድሜውን በመሬት ሥሪትና በግብር መዛግብት ላይ የፈጀ መምህር ስለ መኪና እሽቅድምድም ሊናገር ነው ሲባል ቀልድ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከታሪክ ትምህርት በፊት የወደድሁት ነገር ይህ ነበር። ያደግሁት አዳማ ውስጥ፣ ወደ ወለንጪቲ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ገና ፊደል ሳንለይ የሞተር ድምፅ እንለይ ነበር። ፊያት 682 ኤን 3፣ ሁላችንም በአጭሩ «ኤንትሬ» የምንለው መኪና፣ ከነተሳቢው ዳገቱን ሲይዝ ማርሽ የሚቀነስበትን ቅጽበት በጆሮ ጠብቀን ሹፌሩ ማን እንደ ሆነ እንገምታለን። የተሳሳተ ልጅ ብይ ይከፍላል። እኔ ብዙ አልከፈልሁም።

ያ ፍቅር አልለቀቀኝም። ለትምህርት ውጭ ሀገር በነበርሁበት ጊዜ እሑድ እሑድ ቤተ መጻሕፍት ሲዘጋ ሌሎቹ ወደ እግር ኳስ ሲሄዱ እኔ የመኪና ውድድር እመለከት ነበር። አንድ ነገር ግን ዘወትር ይከነክነኝ ነበር። እነዚያ ሰዎች የሚሽቀዳደሙት በተከለለ ሜዳ ነው፤ መነሻና መድረሻው ይታወቃል፤ ሰዓት የሚይዝ ዳኛ አለ፤ አሸናፊው ይመዘገባል። የእኔ ከተማ ከዚህ አንዱም አልነበራትም። ታዲያ እኔ ሕፃን ሆኜ መንገድ ዳር ተቀምጬ ስመለከተው የኖርሁት ነገር ምን ነበር? እሽቅድምድም መሆኑን ሹፌሮቹም፣ ረዳቶቹም፣ ሻይ ቤቶቹም፣ እኛም እናውቅ ነበር። በየትኛውም መዝገብ ግን በዚህ ስም አልተጻፈም። ከተጻፈም የተጻፈው በትራፊክ ፖሊስ የአደጋ መዝገብ ነው። ዛሬ የምከራከርለት ሐሳብ ይኸው ነው፦ የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን የእሽቅድምድም ባህል ከጨዋታ የመጣ ሳይሆን ከሥራ የመጣ ነው፤ ስለዚህም ሜዳም፣ ዳኛም፣ ማብቂያም ሳይኖረው ቀረ።

ከመነሻው ልጀምር። አዳማ የባቡር ልጅ ናት። የፈረንሳዮቹ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በነዚህ ዓመታት መካከል ከአዋሽ ማዶ እየተሳበ ሲመጣ ጣቢያ በተተከለበት ሁሉ ከተማ በቀለ፤ አዳማ፣ ሞጆና ቢሾፍቱ በዚሁ መስመር ተሰልፈዋል። ባቡር ይዞት የመጣው ጭነት ብቻ አልነበረም። የሰዓትን ሐሳብ ይዞ መጥቷል። የገበያ ቀንን በሳምንት፣ መንገድን በሰፈር ይቆጥር ለነበረ ማኅበረሰብ «ደረሰ» እና «አመለጠ» የሚባሉ ነገሮች በደቂቃ ተለኩ። አዳማ ማለዳ ላይ በመርከብ ደወል እንደሚነቃ ወደብ በባቡር ፉጨት የምትነቃ ከተማ ሆነች።

መኪና ግን ከባቡሩ ቀድሞ መናገሻ ከተማ ገብቷል። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በመኪና አዲስ አበባ ደረሰና ዐፄ ምኒልክ ዘንድ ቀረበ። በዚያው ዓመት ሆልዝ የተባለ ጀርመናዊም ሌላ መኪና ይዞ ገባ። ጊዜውን ልብ እንበል። እ.ኤ.አ. በ1907 ከፔኪንግ ፓሪስ የመኪና ውድድር ተካሂዶ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ከኒውዮርክ ፓሪስ ሌላ ተካሄደ። መንገድ በሌለበት አገር በመኪና ማለፍ የዘመኑ ትልቅ ፉክክር ነበር፤ የእኛም የመጀመሪያዎቹ ሁለት መኪኖች የመጡት በዚያ መንፈስ ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ መኪና ብቻውን የቆየበት ጊዜ እጅግ አጭር ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ሁለተኛው እንደ መጣ «ማን ይበልጣል» የሚለው ጥያቄም አብሮ መጣ።

ጥያቄው ግን ከመኪናው ጋር የመጣ አዲስ ጥያቄ አይደለም። ፈረስ ቀድሞ ጠይቆታል። በአርሲና በሸዋ ኦሮሞ ዘንድ፣ በጎጃምም፣ በጉራጌም የፈረስ ግልቢያና ጉግስ የወንድ ልጅ ክብር መለኪያ ነበር። ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል፦ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርም ስማቸው የፈረስ ስም ነው። እዚህ ላይ ለተማሪዎቼ አንድ ነገር ላሳይ። ይህ ስያሜ ከባለቤቱ ወገን የሚወጣ ነው፤ ጌታው ራሱ ሊባልበት የሚሻው፣ አዝማሪውም የሚያነሣው ስም ነው። አሁን የመኪኖቻችንን ስም ተመልከቱ። የአይሱዙ ጭነት መኪና «አልቃይዳ» ተባለ። ሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» ተባለ። መካከለኛው አውቶቡስ «ቅጥቅጥ» ነው። እነዚህን ስሞች ባለቤቱ አላወጣቸውም። ያወጣቸው መንገድ ዳር የቆመው፣ ዘሎ የሸሸው ሰው ነው። ከአባ ዳኘው እስከ አልቃይዳ ባለው መንገድ የስም አውጪነት ሥልጣን ከጋላቢው ወደ እግረኛው ተሻግሯል፤ ስሙም ከውዳሴ ወደ ማስጠንቀቂያ ተለውጧል። «አባዱላ» የሚባለው ሚኒባስ እዚህ ላይ ለየት ይላል። ስሙ የመጣው ከፖለቲካ ሰው ነው፤ ቃሉ ግን በገዳ ሥርዓት የጦር መሪ ማዕረግ በመሆኑ «አባ» የሚለው የፈረስ ዘመን ድምፅ ሳይታሰብ ጎማ ላይ ተመልሶ ወጣ።

የፈረሱ ውድድር ራሱ ዕድለኛ ነበር። ተቋም አገኘ። ጃን ሜዳ የፈረስ መወዳደሪያ ሆነ። በአዊ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። ቀን አለው፣ ሜዳ አለው፣ አለቃ አለው፤ ሲመሽም ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። የመኪናው ግን እንዲህ አልሆነለትም።

ለምን? አንዱን ፍንጭ የሚሰጠን የጋራዥ ቋንቋችን ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ፤ ይህ ሁሉ ጣሊያንኛ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራና ከዚያ በፊትም በኋላም በኤርትራ በኩል በነበረው ግንኙነት ገባ። «ሹፌር»ና «ጋራዥ» ደግሞ ፈረንሳይኛ ናቸው። የዕቃው ስም እንግዳ ሆኖ ሳለ የድርጊቱ ስም ግን የእኛው ነው። መኪናን «እንነዳለን»፤ ይህ ከብትን የምንነዳበት ቃል ነው። ፈጣኑ ሹፌር «ይጋልባል»። ቀርፋፋውን «ደርቦ» ያልፋል። በሌላ አነጋገር ብረቱን ከጣሊያን ተቀበልን፣ ስሜቱን ከፈረሱ አመጣን። ጣሊያኖች አስመራ ጎዳናዎች ላይ የመኪና ውድድር ያካሂዱ ነበር። ከዚያ ሁሉ ወደ እኛ ከተማ የደረሰው የመፍቻውና የብሎኑ ስም ብቻ ነው፤ ውድድሩ፣ ደንቡና ዳኛው አልደረሱም።

ስለ ቋንቋ ካነሣሁ አይቀር፣ «እሽቅድምድም» የሚለው ቃል «ቀደመ» ከሚለው ግስ ይወጣል። ለእኛ ለታሪክ ሰዎች ከዚሁ ሥር «ቀደምት» የሚለው ቃል ይወጣል። ለትራፊክ ፖሊስ ደግሞ «ቅድሚያ» ይወጣል። በአደጋ ዘገባዎች «ለእግረኛ ቅድሚያ ባለመስጠት» የሚለውን ሐረግ ያልሰማ በዚህ አዳራሽ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ መንገዱ ኢኮኖሚ ልምጣ። አዳማ ላይ ትልቁ መንገድ ወደ አሰብ ይወርድ ነበር፤ በአዋሽ፣ በሚሌ በኩል፣ ከሞቃት ወደ ሞቃት። እስከ 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ የሀገሪቱ ነዳጅና የገቢ ዕቃ በአብዛኛው በዚህ መስመር ወጣ። በወደብ ያለው ሕግ አንድ ነበር፦ ተራ። ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይጭናል፤ ዘግይቶ የደረሰ በዚያ ሙቀት ውስጥ መኪናው ሥር አንጥፎ ቀን ይቆጥራል። በደርግ ዘመን በስምሪት ሲሠራም ተራው ተራ ነበር። ስለዚህ አንድ ሹፌር አዳማ ላይ ሻይ ሳይጠጣ ሲያልፍ እብሪት ይዞት ላይሆን ይችላል። ሦስት መኪና ከፊቱ መኖሩን ሰምቶ ነው። ሦስት መኪና ማለት ሁለት ቀን፣ ሁለት ቀን ማለት የልጆች ጤፍ ነው።

በሌላኛው አቅጣጫ፣ ከሞጆ ወደ ደቡብ በሚታጠፈው መንገድ፣ ሌላ ሰዓት ይገዛል። የመቂና የባቱ ቲማቲምና ሽንኩርት ከሰዓት በኋላ ተለቅሞ ማታ ይጫናል፤ ሌሊት ተጉዞ ጎሕ ሳይቀድ አዲስ አበባ አትክልት ተራ መድረስ አለበት። ቀድሞ የገባው አይሱዙ ዋጋ ይቆርጣል፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የገባው የተቆረጠለትን ይቀበላል። ቲማቲም ዳኛ ነው፤ በየሰዓቱ ይለሰልሳል። «አልቃይዳ» የሚለውን ስም ያተረፈውን የአይሱዙ ሹፌር ስንወቅስ፣ እርሱን በሰዓት ያስያዘው ደላላና እኛ ማለዳ ሰላጣ የምንፈልገው በላተኞች ከወቀሳው ውጭ መቆየታችን የታሪክ ሚዛን አይደለም። (በቅንፍ ልበለው፤ በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲገባ አትክልት ተራ ለጊዜው ወደ ጃን ሜዳ ተዛውሮ ነበር። የሌሊቱ ጋላቢዎች መጨረሻቸው የጥንቱ የፈረስ ሜዳ ሲሆን ሳይ፣ ታሪክ አልፎ አልፎ ቀልድ እንደሚያውቅ ተሰማኝ።)

ስለ አሰላና በቆጂ ሯጮች ለምን አላነሣህም የሚለኝ አይጠፋም። እነርሱ የሚበቃቸው ጸሐፊ አላቸው። አንድ ነገር ብቻ፦ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መኪና ሻጭ መሆኑ፣ ድርጅቱንም «ማራቶን ሞተር» ማለቱ ለእኔ ርእስ ከባድ ማስረጃ ነው።

የንጽጽር ትምህርት ከፈለግን ሩቅ አንሂድ። ይህ የቆምንበት ስምጥ ሸለቆ ወደ ደቡብ ወርዶ ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ ይደርሳል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ይካሄዳል። ጆጊንደር ሲንግ በ1965፣ በ1974 እና በ1976 አሸነፈ፤ ሼካር ሜታ አምስት ጊዜ አሸነፈ። በ2021 የዓለም ሻምፒዮና ውድድር ሆኖ ሲመለስ ማዕከሉ ናይቫሻ ሆነ። ሳፋሪ ለአሥርት ዓመታት ለሕዝብ ክፍት በሆነ መንገድ፣ በከብትና በእግረኛ መካከል የተካሄደ ውድድር ነበር፤ ስለዚህ ከእኛው ይልቅ ንጹሕ ነበር ልል አልችልም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ መኪናው በሩ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል፣ መንደሩ ቀኑን ያውቃል፣ ሰዓት ያዥ አለ፣ ሐኪም ይከተላል፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ መንገዱ ተመልሶ መንገድ ይሆናል። አንድ ዓይነት አፈር፣ አንድ ዓይነት አቧራ፤ አንዱ ጋ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሌላው ጋ በየሌሊቱ።

በእኛም ሀገር ከአብዮቱ በፊት የራሊ ውድድር ይካሄድ ነበር፤ ሥር ሳይሰድድ ቀረ። ምክንያቱን በአንድ ቃል ንገረን ካላችሁኝ ቤንዚን እላለሁ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ ጭማሪ የታክሲ ነጂዎችን አድማ አስነሥቶ አብዮቱን ካቀጣጠሉት ነገሮች አንዱ ሆነ፤ በቀጣዩ ዘመን ቤንዚን በኩፖን ሲታደል ለጨዋታ የሚቃጠል ሊትር ማን ይሰጣል? መኪና ለሥራ ብቻ ቀረ። ሲሽቀዳደምም በሥራው ላይ ተሽቀዳደመ።

እስከዚህ የተናገርሁት ከውጭ ሆኜ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ከውጭ ሆኜ ልናገር አልችልም።

አጎቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበሩ። ኤንትሬ ከነተሳቢው ይነዳሉ። ረዳታቸው የጎረቤታችን ልጅ ሲሆን ዕድሜው ሃያ አልሞላም፤ ጎማን በብረት መትቶ በድምፁ ብቻ ንፋሱን መለካት ያስተማረኝ እርሱ ነው። በ1973 ዓ.ም. መባቻ፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ ሰሞን፣ ጎሕ ሲቀድ ከአዲስ አበባ መጥተው ከከተማው መውጫ ነዳጅ ለመቅዳት ቆሙ። እኔ እንደ ወትሮዬ እዚያው ነበርሁ። የአጎቴ ተፎካካሪ የነበረች ጎኗ ሰማያዊ የሆነች መኪና ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሳትቆም ማለፏን አይቻለሁ። ሮጬ ሄጄ መስኮቱ ሥር ቆምሁና፣ «ጋሼ፣ ሰማያዊዋ ቀድማዎታለች! አሁን አለፈች!» አልኋቸው። ረዳቱ ሳቀ። አጎቴ አልሳቁም። ያዘዙትን ሻይ ትተው ተነሡ።

ከወለንጪቲ አልፎ፣ ወደ መተሐራ ሲወረድ፣ ኩርባ ላይ መኪናው ተገለበጠ። አጎቴ ተረፉ። ረዳቱ አልተረፈም። ሰማያዊዋ መኪና አደጋውን ከሰማች በኋላ ተመልሳ አስከሬኑን ይዛ መጣች፤ ተፎካካሪ የምንለው ሰው ማን እንደ ሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ማንም እኔን አልወቀሰኝም፤ የተናገርሁትን ከእኔ፣ ከአጎቴና ከሟቹ በቀር የሰማ አልነበረም። አጎቴም እስኪሞቱ ድረስ አንድ ቀን አላነሡብኝም። የልጁ እናት ደግሞ በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲመጣ እንደ ሌሎቹ ልጆች ለእኔም ሳንቲም ይሰጡኝ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. አካባቢ በነበሩ ዓመታት የሀገራችን ፖሊስ ሪፖርት በዓመት ከ4 ሺህ በላይ ሰዎች በመንገድ አደጋ መሞታቸውን ይገልጽ ነበር። ይህን ቁጥር ባነበብሁ ቁጥር ከየሟቹ በስተጀርባ መስኮት ሥር ቆሞ «ቀድሞሃል» ያለ ሰው አለ ወይ ብዬ አስባለሁ። ደላላ ሊሆን ይችላል፣ ባለንብረት፣ ተሳፋሪ፣ ወይም ልጅ። ታሪካችን ሹፌሩን ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ በዚህ ንግግር ያን እሽቅድምድም «ባህል» ብዬ መጥራቴ ለሟቾቹ ክብር መንፈግ ነው የሚል ባልደረባ አለኝ፤ ረቂቁን አንብቦ ነግሮኛል። ተከራክረናል። መልሴ አሁንም ያው ነው፦ የሹፌር ጥፋት ብቻ ብለን ከጠራነው ተመልካቹን፣ ገበያውንና ተራውን ነጻ እናወጣለን። ባህል ብለን ከጠራነው ግን ሁላችንም ውስጡ አለንበት። ይሁንና ቃሉ ለጆሮዬ ሙሉ በሙሉ የሚመቸኝ ነው አልልም።

በ2007 ዓ.ም. መባቻ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ተመረቀ። ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስድስት መስመር፣ ክፍያ ያለው፣ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር። እግረኛ፣ ጋሪ፣ ባጃጅና ከብት አይገቡበትም። በተወሰነ ደረጃ የተከለለ ሜዳ ያገኘነው ያን ጊዜ ነው፤ መነሻው ቱሉ ዲምቱ፣ መድረሻው አዳማ፣ የገባህበት ሰዓትም ይመዘገባል። በሕፃንነቴ ስመኘው የነበረ ነገር ሁሉ ማለት ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ስነዳበት ግን ደስታዬ ጎዶሎ ነበር። ዳር ላይ የተቀመጠ ልጅ የለም፤ አጥር አለ። ሻይ ቤት የለም። በአሮጌው መንገድ ዳር ይኖሩ የነበሩ ሻይ ቤቶችና የጎማ ጠጋኞች አንዳንዶቹ ተዘግተዋል፤ የከተማችን ጋሪዎችም ቀድመው በባጃጅ ተተክተዋል። መንገዱ ደኅና መንገድ ነው፤ ጥሩ ነው የምለውም ለዚሁ ነው። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ወለንጪቲ የሚወጣው ግን ያው የድሮው ኩርባ ነው፤ ዛሬ የጅቡቲ መኪኖች ናቸው የሚመላለሱበት።

ለጥናቱ የተጠቀምሁበት አንድ ምንጭ አለ፤ እርሱን ጠቅሼ ላብቃ። አጎቴ ሲያርፉ ሰማያዊ ልባስ ያለው የተማሪ ደብተር ትተው ነበር። ለሃያ ሁለት ዓመት የተነሡበትንና የደረሱበትን ሰዓት፣ የቀዱትን ነዳጅ፣ የረዳቱን አበል ጽፈውበታል። ሐሳብ አልጻፉበትም፤ ቁጥር ብቻ ነው። በመስከረም 1973 ገጽ ላይ «አዳማ 12፡20 ተነሣን» የሚል መስመር አለ። የመድረሻው ዓምድ ባዶ ነው። ከዚያ አራት ገጽ ሳይጻፍባቸው ታልፈዋል። አምስተኛው ገጽ ላይ የሰዓቱ መዝገብ ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ገጾች ሁሉ ግን አዳማ በሚለው ስም አጠገብ ከሩብ ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት ተመዝግቦ፣ ወጪው ዓምድ ላይ «ሻይ» የሚል ተጽፏል።

የደብተሩን ቅጂ ለትምህርት ክፍላችን ቤተ መጻሕፍት አስረክቤአለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ልታዩት ትችላላችሁ። በከተማችን መነኻሪያ አካባቢ ማለዳ ማለዳ የሚቀመጡ ጡረታ የወጡ የአሰብ ሹፌሮችም አሉ፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ መቅረጫ ይዛችሁ ብትሄዱ ያናግሯችኋል። አሁን ጥያቄ ካላችሁ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።